የአያቴ ጥላ በእኔ ጫማ

ባለፈው ሰኞ ከሥራ ስመለስ ልጄ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ትታልኝ ነበር። ከትምህርት ቤቷ የተላከ ነው። «በዚህ ወር የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚማሩት» ይላል ከላይ። ገና ከማባዣው የወጣ ስለነበር የቀለሙ ሽታ አልለቀቀውም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ወረቀት ሳላሸት አላነብም። አሸተትሁትና ወደ ታች ወረድሁ። ሳይንስ፣ ብርሃን ይላል። ሒሳብ፣ ሬሾ። አማርኛ፣ የማመልከቻ አጻጻፍ። «ሬሾ» የሚለው ላይ ስደርስ ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ቤቴም፣ በመንገዱ የሚንጫጫው ባጃጅም ጠፋኝ። ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ባለችው ደብራችን ግቢ፣ በባዶ እግሬ፣ የከሰዓት ፀሐይ ያጋለው አቧራ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

ያኔ እኔም ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። ወሩ መጋቢት፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም። ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣ መምህሩ «ሌላ ጥያቄ ያለው?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ዞሮ የሚያየኝ ዓይነት ልጅ ነበርሁ። እናቴ «የዚህችን ልጅ አፍ በምን ልዝጋው?» ትል ነበር። አፌን ሊዘጋው የማይፈልግ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም አያቴ ነበሩ።

አያቴ በደብሩ ሰዓት የሚሰፍሩ ሰው ነበሩ። ይህን ለዛሬ ልጆች ሳወራ ግር ይላቸዋል። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው፤ መቼ እንደሚገባ የሚታወቀው ደግሞ በጥላ ነበር። አያቴ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ደልዳላ መሬት ላይ ጥምጥማቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የራሳቸው ጥላ ያበቃበት ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገናኙ፣ በገዛ እግራቸው ጫማ ከቆሙበት እስከ ምልክቱ ይሰፍሩታል። ለዚያ ሰሞን ሰባት ጫማ ሲሞላ ደወሉ ይደወላል። ከሰባት በፊት ከሆነ «ገና ነው» ይሉና ግንቡ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሃምሳ ዓመት እንደዚህ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጾመውም የሚፈታውም በእሳቸው እግር ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ሰውን በድምፅ ይለያሉ፤ ጥላው የት እንደሚያበቃ ግን አይታያቸውም። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርሁ ከሰዓት ከሰዓት እየሄድሁ ጥላቸው ያበቃበት ላይ ጠጠር አስቀምጥላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ እየሰፈሩ መጥተው ጠጠሩን በእግራቸው ጣት ይነኩታል። «ደረስሁ?» ይላሉ። «ደረሱ አባባ» እላለሁ። ከሥራ ሁሉ ያንን የመሰለ ደስ የሚል ሥራ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

አንድ ማክሰኞ አውራ ጣታቸውን ድንጋይ መትቷቸው፣ እግራቸው በጨርቅ ታስሮ፣ እያነከሱ መጡ። ተረከዝ ከጣት አገናኝቶ መራመድ የማይሞከር ነው። «ዛሬስ አንቺው ቁጠሪልኝ» አሉኝ።  ጠጠሩን አስቀመጥሁና፣ ምላሴን በጥርሴ ይዤ፣ እግሬን ከእግሬ እያጋጠምሁ ሰፈርሁት። ሰባት። ደግሜ ሰፈርሁት። ሰባት።

«ሞላ አባባ!»

«በርትተሽ አይተሻል?»

«ሁለት ጊዜ!»

ደወሉ ተደወለ። ቅዳሴው ገባ፣ ተፈጸመ። ሕዝቡ ጸበሉን ጠጥቶ ወደየቤቱ ሄዶ ጾሙን ፈታ።

በማግሥቱ ወሬው ደብሩን አዳረሰው። በዚያን ሰሞን ከወንድሙ ስልክ የተላከለት አንድ ዲያቆን ነበረ፤ በአካባቢያችን ስልክ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ደወሉ ሲደወል ሰዓቱን አይቶ ኖሯል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመናል አለ። ግማሽ ሰዓት ዛሬ ምንም አይደለም፤ አውቶቡስ እንኳ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይቆጣም። ለዚያ ዘመን ሰው ግን ጾም መግደፍ ነው። ሁለት ወር ሊሞላ የተቃረበ ድካሙን አንድ ሽማግሌ በአንድ ከሰዓት አፈረሱበት ማለት ነው። አንዲት ሴትዮ መንገድ ላይ «አባ አስገደፉን እኮ!» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ።

የደብሩ ኃላፊ ቄሰ ገበዙ አያቴን ከግንቡ ሥር አስጠሯቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። አያቴ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው እንዲህ አሉ፤

«ዓይኔ ደክሟል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከእንግዲህ በስልኩ ይሁን።»

በቃ። ክርክር የለ፣ ምክንያት የለ። ሃምሳ ዓመት የሠሩትን ሥራ በሦስት አረፍተ ነገር አስረክበው ወጡ። ሲወጡ ሰው ገለል ብሎ መንገድ ሰጣቸው፤ እንደ ወትሮው ግን «እንዴት ዋሉ አባ» ያላቸው የለም።

እኔ ተናደድሁ። የአያቴ ዓይን ጥላውን አላየም፤ ያየሁት እኔ ነኝ። ጠጠሩንም በትክክል አስቀምጫለሁ፣ ሁለት ጊዜም ቆጥሬያለሁ። ታዲያ ማን ተሳሳተ? ፀሐይ? ስልኩን ጠረጠርሁት። ስልክ እኮ ከፋብሪካ የመጣ ዕቃ ነው፤ የአያቴ እግር ግን ከእግዚአብሔር የመጣ ነው እያልሁ ከራሴ ጋር ስከራከር አደርሁ።

በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ተነጋግሮ የመጣብኝ መሰለኝ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ እየተማርን ነው፤ የሳሙና ካርቶን በመርፌ በስተን የመስኮቱን ምስል ተገልብጦ ያየነው ያኔ ነው። በኅብረተሰብ ትምህርት መጋቢት ላይ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ምክንያት እንማራለን። በእንግሊዝኛ ሳይቀር መምህሯ ሁለት እንጨት ይዛ «ሎንግ፣ ሎንገር» ታስብለናለች። የሥነ ዜጋው መምህር ስለ ኃላፊነት ሲያወራ ደግሞ እኔን እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

የሒሳብ መምህራችን አሁን ሳስበው ከሃያ ሁለት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነበር፤ ያኔ ግን «አንቱ» ነበር የምንለው። ሐሙስ ዕለት ሬሾ ሊያስተምረን ወደ ሜዳ አወጣን። አንድ ሜትር እንጨት ተከለና ጥላውን አስለካን። ከዚያ የባንዲራውን ምሰሶ ጥላ አስለካን። ማንም ሳይወጣበት የምሰሶውን ቁመት በቾክ እጁ ላይ አስልቶ ነገረን። በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ትንሹም ነገር ትልቁም ነገር ከጥላው ጋር ያለው ሬሾ አንድ ነው አለ። 

እጄን አወጣሁ። ሌላው ተማሪ እንደ ልማዱ ዞሮ አየኝ።

«ቲቸር፣ ሰውስ? ሰው በገዛ እግሩ ቢሰፍር የሁሉም ሰው ቁጥር አንድ ይሆናል?»

 የማያውቀውን «አላውቅም» የሚል መምህር ያየሁት ያን ቀን ነው። «እኔም አላውቅም» አለ። «ለክተሽ ንገሪኝ።»

ማግሥቱ ዓርብ፣ የገበያ ቀን ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤት አልሄድሁም። በሬ ተራውን፣ እህል ተራውን፣ ማርና ቅቤ ተራውን ዞርሁት። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «እስኪ ጥላዎን በእግርዎ ይስፈሩልኝ» እያልሁ ለመንሁ። ግማሹ አበደች አለኝ። ግማሹ ግን ሳቀና ሰፈረልኝ። ከስማዳ ገብስ ጭኖ የመጣ ቀውላላ ገበሬ ስድስት ከግማሽ። አጭሯ በርበሬ ሻጭ ስድስት ከግማሽ። እኔ ራሴ ስድስት ከግማሽ። ትንሽ ቆይቼ ሌሎችን ሳሰፍር ሁሉም ሰባት ሆነ፤ የእኔም ሰባት። አንዱ በጣት ቢበልጥ ሌላው በጣት ቢያንስ ነው። ገበያው መሐል ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ። ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነው፤ አጭር ሰው እግሩም አጭር ነው! የእያንዳንዱ ሰው ቁመት ከገዛ እግሩ ጋር ያለው ሬሾ ያው ነው። ለዚህ ነው አያቴ ያለ ሜትር፣ ያለ ሰዓት፣ ሃምሳ ዓመት ያልተሳሳቱት።

መጨረሻ ላይ ጨርቅ ነጋዴው ዘንድ ደረስሁ። ከተማው ውስጥ ካሉት ጥቂት ሙስሊም ነጋዴዎች አንዱ ናቸው፤ ደብተር የምገዛው ከእሳቸው ነበር። የልፋቴን ምክንያት ስነግራቸው ደስ አላቸው።

«እኛም እኮ ለአስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ጥላ እናያለን» አሉ። የራሳቸውን ሰፍረው ሰባት አሉኝ። ከዚያ ቀልድ አማራቸው መሰለኝ፣ «እስኪ ደግሞ ያንቺን ልስፈረው» ብለው በትልልቅ እግራቸው የእኔን ጥላ ይረግጡት ጀመር። «አምስት ተኩል! በይ እንግዲህ፣ ያንቺ ሰዓት ገና ነው፣ ሂጂና ተጫወቺ!»

እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን እግራቸውንና ጥላዬን አየሁ። የእኔ ጥላ በሌላ ሰው እግር። የአያቴ ጥላ በእኔ እግር። የጠጠሩ ቦታ ልክ ነው፣ ቆጠራዬም ልክ ነው፤ የተሰፈረው ጥላ የእሳቸው፣ የሰፈረው እግር ግን የእኔ ነበር። ትንሽ እግር ትልቁን ሰው ቶሎ ሰባት ያስሞላዋል። ደብሩን በሙሉ ያስገደፍሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ እስከ ቤት ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድሁት አላስታውስም። የማስታውሰው አያቴ ከጓሮ በኩል ግድግዳ ተደግፈው የምሽቷን ፀሐይ ሲሞቁ ነው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ፣ እያለቀስሁ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«ያኑ ዕለት ማታ ገብቶኛል። የማን እግር እንደቆጠረ ሳስብ።»

«ታዲያ ምነው ለቄሰ ገበዙ ሳይነግሩ? ምነው ጥፋቱን በራስዎ ወሰዱት?»

«አንቺ የቆጠርሽውን በልክ ቆጥረሻል። የእኔን ጥላ በእግርሽ ስፈሪ ያልሁሽ እኔ ነኝ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?»

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ጠየቁኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ረጅሙም አጭሩም፣ ለምን እኩል እንደሚመጣለት አስረጂኝ አሉ። እንጨት ሰብሬ መሬት ላይ እያስዳሰስኋቸው አስረዳኋቸው። እኔ ቁመቴ የእግሬ ስድስት እጥፍ ከግማሽ ያህል ነው፤ የእርስዎም የእግርዎ ስድስት እጥፍ ከግማሽ ነው አልኋቸው። እንጨቶቹን ደጋግመው ዳሰሷቸው። ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ሆነ።

«ሃምሳ ዓመት ስሰፍረው፣ ለምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም» አሉ። «ምን ይሉታል ብለሽ ነበር ስሙን?»

«ሬሾ።»

«ሬሾ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ዜማ እየጎተቱት።

እኔ ግን አልረካሁም። የተሰረቀባቸውን ክብር መመለስ አለብኝ። የአማርኛ መምህራችን ማመልከቻ ጻፉ ብላን ስለነበር፣ ሌላው ተማሪ ለቀበሌው የውኃ ቧንቧ ሲጠይቅ፣ እኔ ለቄሰ ገበዙ ጻፍሁ። «ጉዳዩ፦ አያቴ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ስለመጠየቅ።» ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ የእግሬን ርዝመት፣ የእግራቸውን ርዝመት፣ የጨርቅ ነጋዴውን አምስት ተኩል ሳይቀር አስገባሁበት። መምህሯ ከአሥር ዘጠኝ ሰጠችኝ፤ ቀን አልጻፍሽም ብላ አንዷን ቀነሰችብኝ።

ቄሰ ገበዙ በተከታዩ ሳምንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰጠኋቸውን ማመልከቻ በሕዝቡ ፊት አነበቡት። ሰው ሳቀ፣ ግን ደግ ሳቅ ነበር። ካህናቱ አንድ በአንድ እየወጡ የገዛ ጥላቸውን ሲሰፍሩ፣ ቁጥሩም አንድ ሲሆን፣ ሳቁ ወደ ግርምት ዞረ። ያች «አስገደፉን» ያለችው ሴትዮ መጥታ የአያቴን ጉልበት ሳመች። ክብራቸው ተመለሰ። ሥራቸው ግን አልተመለሰም። ቄሰ ገበዙ አንገታቸውን ደፍተው «እግርዎስ ደኅና ነው አባ፤ ዓይንዎ ግን የለም» አሉ። አያቴም «እውነት ነው» አሉ። ደወሉ በስልኩ መደወሉን ቀጠለ።

እሳቸው ቤት ሆነው መስፈራቸውን አልተዉም። ለማንም አይደለም፤ ለራሳቸው ጾም ነው። ጓሯችን ውስጥ ይቆማሉ፣ እኔ ጠጠር አስቀምጣለሁ፣ እሳቸው ይሰፍራሉ። ሰባት ሲሉ የደብሩ ደወል ይሰማል። «ስልኩም እኮ ጎበዝ ነው» ይሉ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ታመሙ። ነሐሴን በሙሉ ተኝተው አሳለፉት፤ ሲነሡ ጎብጠው ተነሡ። እሳቸው ግን መጉበጣቸውን የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር፤ ዓይናቸው የለ፣ ቤታችን ውስጥም ማንም አይነግራቸውም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እኔ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ። እንደ አምናው ጓሮ ቆመው ጥምጥማቸውን አወለቁ። ጠጠሩን አስቀመጥሁ። ሰፈሩት።

«ስድስት። ገና ነው» አሉና ተቀመጡ።

እኔ የራሴን ሰፍሬ ነበር፤ ሰባት ሞልቷል። ወዲያው የደብሩ ደወል ተሰማ። አያቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ስልኩ ቀደመ!» አሉ። ደስ ብሏቸዋል። ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ስድስቱ ሰባት እስኪሆን ድረስ በዚያ ደካማ ሰውነታቸው ተቀምጠው ጠበቁ። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። 

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ምነው ማንም ሳያስተምረኝ በቀረ ያልሁት ያኔ ነው። እግራቸው እንዳለ ነው፤ ያጠረው ቁመታቸው ነው። ያ፣ ጓሮ ውስጥ እንጨት ይዤ ያስረዳኋቸው፣ ስድስት እጥፍ ከግማሽ ፈርሷል። የአያቴ ሰውነት ከገዛ እግራቸው ጋር ያለው ሬሾ ተበላሽቷል። አሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት፣ መልሱ ልክ ነው፣ እንደዚያ መልስ የጠላሁት ነገር የለም።

ጎብጠዋል ብዬ ልንገራቸው? አልቻልሁም። ጠያቂዋ ልጅ፣ ሁሉን ካላወቅሁ ካልተናገርሁ የምትለው ልጅ፣ አፏ ተሳሰረ።

በአራተኛው ቀን ቆሙ። የራሴን ሰፈርሁ፣ ሰባት ሞልቷል። ከዚያ የጥላቸው ጫፍ ላይ ሄድሁ፤ ጠጠሩን ግን እዚያ አላስቀመጥሁትም። አንድ ጫማ አልፌ፣ ፀሐይ የሚያበራው ባዶ መሬት ላይ አስቀመጥሁት። እሳቸው ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገናኙ መጡ። አምስት። ስድስት። ጥላቸው ካለቀበት አልፈው አንድ ጊዜ ረገጡና ጠጠሩን በጣታቸው ነኩት።

«ሰባት!»

ደወሉም ተደወለ። አያቴ ወደ ደወሉ ዞረው ፈገግ አሉ።

«አየሽ ልጄ፣ ስልኩን አስተካከሉት መሰለኝ።»

«አዎ አባባ» አልሁ። «አስተካከሉት።»

እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው፣ ቆሎውንና ውኃውን አቀረብሁላቸው፣ ሲበሉም አየኋቸው። እስከ ሆሳዕና ድረስ በየቀኑ እንደዚያ አደረግሁ። ወደ መጨረሻው ሳምንት ይበልጥ እየጎበጡ ሲሄዱ አንድ ጫማው አልበቃ አለኝ፤ ጠጠሩን ከጥላቸው ትንሽ ትንሽ እያራቅሁ አስቀመጥሁት፣ እሳቸውም በየቀኑ ደርሰው ነኩት።